ዳገቱን በብስክሌት

በዚያ ሳምንት ማዕዶት ዓባይ ለሦስተኛ ጊዜ ያረፈደችው ሐሙስ ዕለት ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምራ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ባጃጅ ተራ ቆማ ነበር። ከከተማው ቤንዚን ከጠፋ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ እንደምንም ቀድተው የሚሠሩት ጥቂት ባጃጆችም ሜዳ ሜዳውን መዞር እንጂ ወደ ሴቻ መውጣት አይፈልጉም። ዳገቱ ቤንዚን ይበላል። ከፊቷ አርባ ሰው ያህል ተሰልፏል፣ ከኋላዋም እንደዚያው። ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የምትሠራበት የግብርና መሥሪያ ቤት ነጭ መኪና ሰልፉን ታኮ አለፈ። ከሹፌሩ ጎን የሰው ሀብት ቡድን መሪው አቶ ተስፋጽዮን ተቀምጠዋል፤ የኋላው ወንበር ባዶ ነው። ሰልፉን አዩ፤ እሷንም አዩ፤ ከዚያ ስልካቸው ላይ አቀረቀሩ።

ማዕዶት ሰልፉን ትታ በእግሯ ወጣች። ሲቀላ ታች ነው፣ ሴቻ ላይ፤ ቢሮዎቹ ላይ፣ አቅም የሚችለው የቤት ኪራይ ታች። በመሃል ያለውን ጠመዝማዛ አስፋልት ፀሐይ ጀርባዋን እየጠበሳት ጨርሳ ቢሮ ስትደርስ ሁለት ሰዓት ከሃያ አንድ ሆኗል። የፊርማው መዝገብ ላይ ከመጨረሻው ስም ሥር ቀይ መስመር ተሰምሯል። ልክ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲል ያንን መስመር የሚያሰምሩት ራሳቸው አቶ ተስፋጽዮን ናቸው። ከመስመሩ በታች የፈረመ አርፍዷል ማለት ነው፤ በሳምንት ሦስቴ ያረፈደ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። ከምሳ ስትመለስ ወረቀቱ ጠረጴዛዋ ላይ ጠበቃት።

ማዕዶት ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከከተማው ወጣ ባለችው ላንቴ ከሙዝ ገበሬ ቤት ተወልዳ፣ እዚያው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ተምራ፣ ከተመረቀች በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስትመላለስ ከርማ፣ በመጨረሻ በፈተና የተቀጠረች የዕቅድ ክፍል ባለሙያ ናት። በሥራዋ አንድም ቀን ተወቅሳ አታውቅም። ስለዚህ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። አብራት ያነበበችው ጸሐፊዋ ጽጌሬዳ ናት። ጽጌሬዳ እዚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አገልግላለች፤ አራት ኃላፊ ሲመጣም ሲሄድም አይታለች። ገብታ ይቅርታ ብትጠይቅ እንደሚሻል መከረቻት።

«ምን ብዬ ልጠይቅ?» አለች ማዕዶት። «ቤንዚን ስለጠፋ ይቅርታ ልበል?»

«እሳቸው ቃሉን ብቻ ነው የሚፈልጉት። በይና ይለፍልሽ።»

አላለችም።

ቅዳሜ ላንቴ ሄደች። ወንድሟ አሞጽ የአህያ ጋሪ ከገዛ ወዲህ አሮጌው ብስክሌቱ ጓሮ፣ ከሙዙ ሥር ተጋድሞ የዶሮ ቆጥ ሆኖ አገኘችው። ከባድ የቻይና ብስክሌት ነው። አሞጽ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሙዝ ከማሳ ወደ አስፋልት ዳር አመላልሶበታል። ከኋላው ወፍራም የብረት መጫኛ አስበይዶለት ስለነበር ሁለት ትልልቅ የሙዝ ዘለላ ይችላል። ማዕዶት ራሷ ብስክሌት የለመደችው በዚሁ ላይ ነው። ያኔ ቁመቷ ኮርቻው ላይ ስለማያደርሳት አንድ እግሯን በመሃል ብረቱ ሥር አሾልካ፣ ወደ ጎን ተንጋድዳ ነበር የምትነዳው።

ስጠኝ አለችው። አሞጽ ልትሸጠው መስሎት ነበር። ቢሮ ልትመላለስበት እንደሆነ ሲገባው ሳቀ፤ አስተምረን ከጭነት አወጣናት ስንል ተመልሳ ወደ ጭነት ገባች አለ። እናቷ ግን አልሳቁም። ሰው ምን ይላል አሉ። ዲግሪ ያላት ልጅ ሱሪ ታጥቃ በአደባባይ ፔዳል ስትረግጥ የሚያይ ሰው፣ ምን አጥታ ነው ይላል እንጂ ጎበዝ ናት አይልም አሉ። አባቷ ዓባይ ብዙ አይናገሩም። ተነሥተው ሰንሰለቱን ጎተት አድርገው አዩት፣ በጠርሙስ ቅባት አምጥተው ቀቡት፣ ጎማውን ነፉ። ሲጨርሱ በጋሞኛ አንድ ነገር ብቻ አሏት፤ ፍሬኑን ሳታሳዪ ዳገት እንዳትወጪበት። እሺ አለች። አላሳየችም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከላንቴ ሲቀላ ድረስ ነድታ ስትገባ የቤት አከራይዋ እትዬ ሻሺቱ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እትዬ ሻሺቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግቢያቸው ግን ሕግ የበዛበት ነው። ውኃ በሳምንት ሁለቴ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሞላው የእሳቸው ጀሪካን ነው፤ ልብስ የሚታጠበው ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ ነው፤ እንግዳ ሳይመሽ ይሸኛል። ስለ ብስክሌት የወጣ ሕግ ግን አልነበረም። ትንሽ አሰቡና አንድ አወጡ፦ ግድግዳቸው ላይ እንዳይደገፍ። ማዕዶትም ብስክሌቱን ከአንዲት ክፍሏ አስገብታ ከአልጋዋ ጎን አቆመችው። ከዚያ በኋላ ከፍራሽዋ እስከ በሩ በጎኗ እየሾለከች ነው የምትወጣው።

ሰኞ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ተነሣች። ባጃጅ ተራውን ስታልፍ ሰልፉ ከወዲሁ ጀምሯል። «ሙዙ የታለ?» አለ አንዱ ሾፌር፤ የቆመው ሰው ሳቀ። ዳገቱ እስኪጀምር በደስታ ነዳች። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ጭኗ ተቃጠለ፤ ሁለተኛው ላይ ትንፋሽዋ ተቆረጠ፤ ወርዳ ገፋች። ብስክሌቱ ለሴት ገላ ሳይሆን ለሙዝ የተሠራ ይመስል ሲገፋ ከመነዳቱ ይበልጥ ይከብዳል። ከአስፋልቱ ዳር የተቀመጡ ዝንጀሮዎች እንኳ አልሸሿትም። ጫፍ ላይ ስትደርስ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ነበር። ከጥበቃው ቤት ጀርባ ባለው ቧንቧ ፊቷንና አንገቷን ታጠበች፣ በፌስታል ይዛው የመጣችውን ቀሚስ መጸዳጃ ቤት ገብታ ለበሰች፣ መዝገቡን ገለጠች። ገጹ ነጭ ነበር። አንደኛ ተራ ላይ ፈረመች፤ አንድ ሰዓት ከሃምሳ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቀይ መስመር ከስሟ በላይ ተሰምሮ አያውቅም።

አንድ ወር ያህል ስትገፋ ስትነዳ ቆየች። የምትወርድበት ቦታ በየሳምንቱ ወደ ላይ ሸሸ። በኅዳር መጨረሻ አንድ ማክሰኞ፣ ዛሬ እችላለሁ ሳትል፣ ሳታስበው እግሯ መሬት ሳይነካ ሴቻ ገባች። ቆማ ወደ ታች አየች። ሁለቱ ሐይቆች በየቦታቸው ተኝተዋል፣ በመሃላቸው ያለው ጫካ በጭጋግ ተሸፍኗል። ስልክ አንስታ ለማን እንደምትደውል አሰበችና ለአሞጽ ደወለች። ምን ሆንሽ አላት በድንጋጤ። ምንም፣ ሳልወርድ ወጣሁ አለችው። እሱ ግን ሙዝ እየጫነ ስለነበር ነገሩ ወዲያው አልገባውም።

ቤንዚን ተመለሰ። ባጃጆቹ እንደ ድሮው በየመንገዱ ይጣሩ ጀመር። ጓደኞቿ አሁን ይብቃሽ አሏት፤ እትዬ ሻሺቱም እንደዚያው። ማዕዶት ግን ወደ ሰልፉ አልተመለሰችም።  ጠዋት ጠዋት የማንንም ፊት ሳታይ፣ የማንንም ሞተር ሳትጠብቅ በራሷ እግር ቢሮ መግባት ለምዶባታል። ይህን መተው ከባድ ነው።

በታኅሣሥ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ። ብስክሌቱ እንደ ወትሮው በግቢው በር አጠገብ፣ ከጥበቃው ቤት ጎን ቆሞ ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ ትልቁን የብረት መጫኛ አይተው እዚህ ሙዝም ትሸጣላችሁ እንዴ ብለው ቀለዱ፤ ሁሉም ሳቀ። አቶ ተስፋጽዮን ግን አልሳቁም። እንግዶቹ እንደተሸኙ ማዕዶትን አስጠሯት።

«ግቢው ሙዝ ተራ መሰለ» አሉ።

«ሰዓት አክብሪ አሉኝ፤ አከበርኩ።»

«የማወራው ስለ ሰዓት አይደለም። ስለ መሥሪያ ቤቱ ክብር ነው። ባለሙያ ነሽ። ላብሽን እያንጠባጠብሽ ገብተሽ ከዘበኛ ቧንቧ ትታጠቢያለሽ፤ ባለጉዳይ ያይሻል።»

«ሥራ ሲጀመር ታጥቤ፣ ለብሼ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ።»

«ከነገ ጀምሮ ያ ብስክሌት ግቢ አይገባም።»

«እንዲያ ከሆነ በጽሑፍ ይስጡኝ።»

አቶ ተስፋጽዮን እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ቃላቸው እንዳልበቃት ሲጠይቋት ማዕዶት መለሰች።

«በቃል የተነገረኝን ልረሳው እችላለሁ። የተጻፈ ከሆነ ግን እኔም አልረሳው፣ እርስዎም አይረሱት።»

በማግስቱ ተጻፈ። «የመሥሪያ ቤቱን ገጽታ በማይመጥን ማጓጓዣ መገልገል» ይላል ርእሱ፤ ከታች ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ተገልጿል። ጽጌሬዳ ራሷ ናት የተየበችው። ስትሰጣት ዓይኗን አላየቻትም። ማዕዶት ደብዳቤውን ፈርማ ተቀበለች፣ ቅጂውን ፋይል አደረገች። በነጋታው ሰንሰለት ገዝታ ብስክሌቱን ከግቢው በር ትይዩ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው የመብራት እንጨት ጋር አሰረችው። መንገዱ የአቶ ተስፋጽዮን አይደለም። ግቢ ውስጥ ሳለ የሚያየው የገባ ባለጉዳይ ብቻ ነበር፤ አሁን የሚያልፈው የሚያገድመው ሁሉ ያየዋል።

በጥር ወር አጋማሽ ወደቀች።

ከሥራ ወጥታ ቁልቁል ስትወርድ ከላይኛው ጠመዝማዛ ላይ የኋላው ፍሬን ገመድ ተበጠሰ። የፊተኛው ለብቻው ሊይዝላት አልቻለም። ከፊቷ የጭነት መኪና ይወጣል። በቀኝ በኩል ወዳለው ጠጠር ጠመዘዘችው፤ ብስክሌቱ ሄደ፣ እሷ ቀረች። አንድ ባጃጅ ነጂ ከነብስክሌቷ አንስቶ ክሊኒክ ወሰዳት። አገጯ በአራት ስፌት ተሰፋ፤ ክርኗ ተላጠ፤ ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ ተቀደደ። የሠራተኛውን ሳቅና የአቶ ተስፋጽዮንን ፊት አስቀድማ እያየች ቤቷ ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፤ አገጯ ሲነካ ስለሚያማት እንኳ እንደ ልቧ ማልቀስ አልቻለችም።

እናቷ በማግስቱ ከላንቴ መጡ። ብስክሌቱን እዚያው አልጋው ጎን ቆሞ ሲያዩት እንደ ሰው ረገሙት። እኔ ያንቺን ደብዳቤም ክርክርም አላውቅም፣ ፊትሽን ነው የማውቀው፣ ተይው ብለው ለመኗት። ማዕዶት እናቷ ሲለምኗት አይታ አታውቅም። ልትላቸው የምትችለው ብዙ ነበር፤ ያለችው ግን ይጠገናል ብቻ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አበበ ወሰደችው። አበበ ሲቀላ መናኸሪያ አካባቢ ብስክሌት ሲጠግን ሠላሳ ዓመት የሆነው ሰው ነው። ሁለቱንም ፍሬኖች አውልቆ እያሳያት፣ የፍሬኑ ጎማ ያለቀበትን፣ ገመዱ የዛገበትን ነገራት። በዚህ ነው ሦስት ወር ሴቻ የተመላለስሽው ሲላት አንገቷን ደፋች። አዲስ ገጠመላት፤ ቁልቁለት ላይ ሁለቱን እያፈራረቀች እንድትይዝ አስተማራት። በየአርቡም እያመጣች እንድታሳየው አስማላት።

ቢሮ የገባችው አገጯ በፋሻ ታስሮ ነው። አቶ ተስፋጽዮን ኮሪደር ላይ አገኟትና ይኸው አሉ፤ ከዚያ በላይ አልጨመሩም። እሷም ደህና አደሩ ብላ አለፈች። ግን ፈርታ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋት ነድታ ትወጣለች፣ ማታ ብስክሌቱን እየገፋች በእግሯ ትወርዳለች። ልጆች ለምን አትነጂውም ይሏታል። በስምንተኛው ቀን የላይኛው ጠመዝማዛ ላይ ቆማ ሁለቱንም ፍሬኖች ጨምቃ ሞከረች፤ ተቀመጠችበት። እየዘፈነች ወረደች ቢባል ውሸት ነው፤ ጥርሷን ነክሳ ነው የወረደችው።

በዚሁ ወር የዕቅድ ክፍሉ የቡድን አስተባባሪነት መደብ ለውድድር ወጣ። ሁለት ሰው ተመዘገበ፤ ማዕዶትና የክፍል ባልደረባዋ አሸናፊ። አሸናፊ ትሑት፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ተጠላልተው አያውቁም። ፈተናውን ማዕዶት በአራት ነጥብ በለጠችው። ውጤቱ ሲለጠፍ ግን እሷ ሁለተኛ ናት። ዝርዝሩን በጣቷ ተከትላ አነበበች። ለሥነ ምግባር ከሚሰጠው አሥር ነጥብ እሱ ዘጠኝ አግኝቷል፣ እሷ ሦስት። ከጎኑ ባለው ሳጥን «የጽሑፍ ማስጠንቀቂያዎች ያሉባት» ይላል።

ሰሌዳው ፊት ጽጌሬዳ መጥታ ቆመች። የምትመክራት ምክር ያው እንደሚሆን ማዕዶት ታውቅ ነበር፤ ተይው፣ ለሚቀጥለው ይሆናል ትላለች። ጽጌሬዳም እንደዚያ ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ዝርዝሩን አነበበች። ሃያ ሁለት ዓመት ስንቱን ደብዳቤ እንደተየበች፣ ስንቱ ሰው እንደዚህ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ዝም ብሎ እንደሄደ ሳይታወሳት አልቀረም። ቅሬታ የምታስገቢ ከሆነ የፊርማው መዝገብ ያለው እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ ኮሚቴው በደብዳቤ ከጠየቀኝ ነገ አወጣዋለሁ አለቻት።

ማዕዶት ቅሬታዋን በሁለት ገጽ ጻፈች። መጀመሪያ የጻፈችው አምስት ገጽ ነበር፤ ንዴቷን ስትቀንስለት ሁለት ሆነ።

ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ሦስት አባላት አሉት፤ ሰብሳቢዋ ከሌላ ክፍል የመጡ ወይዘሮ ዓለምጸሐይ የሚባሉ፣ ሰው ሲናገር ከመነጽራቸው በላይ የሚያዩ ሴት ናቸው። አቶ ተስፋጽዮን ረዘም አድርገው ተናገሩ። የመንግሥት ሠራተኛ አለባበሱ፣ አካሄዱ፣ አመጣጡ ሁሉ ተቋሙን እንደሚወክል፣ ባለሙያዋ የተሰጣትን ምክር በእልህ እንደመለሰች፣ ብስክሌቱን ሆን ብላ መንገድ ዳር እንዳሰረችው አስረዱ። ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ብስክሌት የሚከለክለው የትኛው መመሪያ፣ ስንተኛው አንቀጽ እንደሆነ ጠየቋቸው። አቶ ተስፋጽዮን ጉዳዩ የአንቀጽ ሳይሆን የአጠቃላይ ሥነ ምግባር መሆኑን መለሱ። ሰብሳቢዋ ጻፉት።

ቀጥሎ ጽጌሬዳ መዝገቡን ይዛ ገባች። ከጥቅምት መጨረሻ ወዲህ ባለው ስልሳ አንድ የሥራ ቀን ማዕዶት አርባ አራቱን አንደኛ ተራ ላይ መፈረሟን፣ አንድም ቀን አለማርፈዷን ገጽ እየገለጠች አሳየች። የወደቀች ዕለት ማግስት የሕክምና ፈቃድ አምጥታ እንደቀረች፣ በሦስተኛው ቀን በፋሻ እንደመጣች ጨመረች። ያን ያህል በአንድ ትንፋሽ ተናግራ አታውቅም።

የምትጨምረው ካላት ማዕዶትን ጠየቋት። አዘጋጅታ የመጣችው ወረቀት ነበራት፤ አላየችውም።

«ያ ብስክሌት አሥራ አምስት ዓመት ሙዝ ተሸክሟል» አለች። «ዩኒቨርሲቲ ስማር የበላሁት፣ የለበስኩት፣ ደብተር የገዛሁበት ከዚያ ሙዝ ነው። አቶ ተስፋጽዮን መሥሪያ ቤቱን ያሳፍራል ሲሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ አስቤበታለሁ። ምኑ እንደሚያሳፍር አላገኘሁትም። ይህ መሥሪያ ቤት የሚያገለግለው ገበሬ አይደለም እንዴ? በገበሬ ዕቃ መጥቼ ካዋረድኩት፣ ገበሬው ራሱ ሲመጣ ምን ልትሉት ነው?»

ሰብሳቢዋ ይህንንም ጻፉት። 

ውሳኔው በአሥራ አምስት ቀን መጣ። የብስክሌቱ ማስጠንቀቂያ ተሠረዘ፤ ብስክሌቱም ግቢ እንዲገባ ተፈቀደ። የዕድገቱ ጉዳይ ግን አስቀድሞ ጸድቆ ደብዳቤው ለአሸናፊ ስለደረሰው ኮሚቴው ሊነካው እንደማይችል፣ ቅር ካላት ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት እንደምትችል ተጽፏል። ብዙ ሰው እንኳን ደስ አለሽ አላት። አሞጽ እንኳ ደውሎ ብስክሌቴ ነጻ ወጣ ወይ ብሎ ቀለደ። ማዕዶት ግን ግማሽ ጉዳይ ይዛ መደሰት አልቻለችም። ይግባኝ አለች።

አሸናፊ ይህን ሲሰማ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። እኔን ነው የከሰስሽው ወይ አላት፤ ተከፍቶ ነበር። አንተን አይደለም፣ ነጥቡን ነው አለችው። አሸናፊ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ እንጂ እንደ ድሮው አብረው ምሳ አይበሉም ነበር። ከሁሉ የከበዳት ይህ ነው። ከጎኗ ያለ ምንም ያላደረጋት ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ፣ እልህሽ ስንቱን ይዞ ይሄዳል የሚል ድምፅ ውስጧ ይሰማት ጀመር። ሁለት ጊዜ ይግባኙን ልታነሣ ማመልከቻ ጻፈች፤ ሁለቱንም ቀደደችው።

አራት ወር ፈጀ። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር የፈቃድ ቅጽ ሞልታ፣ አስፈርማ፣ ፋይሏን መጫኛው ላይ በጎማ አስራ ትሄዳለች። በሰኔ መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ነጥቡ በተሠረዘ ማስጠንቀቂያ ላይ ተመሥርቶ የተሰጠ በመሆኑ ውድድሩ ፈርሶ በአዲስ ፈተና እንዲደገም ወሰነ።

ተደገመ። ጥያቄዎቹ ከውጭ መጡ፤ እርማቱም ከውጭ ሆነ። የሥነ ምግባር ነጥቡ ለሁለቱም እኩል ዘጠኝ ዘጠኝ ተሰጠ። ውጤቱ ሲለጠፍ አሸናፊ በአንድ ነጥብ ተኩል በልጧት ነበር።

ማዕዶት የሁለቱንም የፈተና ወረቀት ለማየት በደብዳቤ ጠየቀች፤ መብቷ ስለሆነ ተፈቀደላት። ግማሽ ሰዓት ተቀምጣ መልስ በመልስ አነጻጸረች። ስህተት ፈለገች፤ ደግማም ፈለገች። እርማቱ ንጹሕ ነበር። የተበለጠችው በናሙና አወጣጥ ጥያቄ ላይ ነው፤ በተማረችው፣ እንቅልፍ ይዟት እንኳ እመልሰዋለሁ ባለችው ትምህርት። ጥያቄውን ቸኩላ አንብባ ሌላ ነገር ነበር የመለሰችው። አሸናፊ ግን ተረጋግቶ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ ደረጃ በደረጃ ሠርቶታል። ወረቀቶቹን አስተካክላ መለሰች። መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ፊቷን ታጠበች። ከዚያ አሸናፊ ጋ ሄዳ እጇን ዘረጋችለት። ጥሩ ሠርተሃል፣ አየሁት አለችው። አሸናፊ እጇን ሳይለቅ ቆየ።

አቶ ተስፋጽዮን የውጤቱን ማሳወቂያ ሊያስፈርሟት ሲያስጠሯት ፊታቸው ላይ የድል ነገር አልነበረም፤ ይልቅስ የደከመ ሰው ይመስሉ ነበር።

«ታዲያ ያ ሁሉ ውጣ ውረድ ለምን ነበር?» አሏት። «ያው እሱ አይደል የሆነው?»

ማዕዶት አንብባ ፈረመች፤ ቀኑን ጻፈች።

«አሁን ተሸንፌ ነው» አለች። «ያኔ ግን ተቀምቼ ነበር። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ የደከምኩት ለዚያ ነው።»

አቶ ተስፋጽዮን ወረቀቱን ወስደው ፋይል ውስጥ አስገቡት።

አሁን በምሳ ሰዓት ሌላው ሠራተኛ ሲወጣ ማዕዶት ጠረጴዛዋ ላይ ትቀራለች። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት መጽሐፏን ከላንቴ አስመጥታዋለች፤ ዳሩን ምስጥ በልቶታል። የናሙና አወጣጥን ምዕራፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ፣ የምታውቀውንም የማታውቀውንም ሳትዘል፣ እያንዳንዱን ምሳሌ በእርሳስ እየሠራች ነው። የሚቀጥለው መደብ መስከረም ላይ ይወጣል ተብሏል።